የላባ ዝንብን አድርቆና ለይቶ ስለ መያዝ

ሰው አንድን ዕቃ በገንዘቡ ከገዛው ወይም ከወዳጁ እጅ በስጦታ ከተቀበለው በኋላ፥ እውነተኛ ባለቤቱ መሆኑ የሚታወቀው በመያዙ ብቻ ሳይሆን በአያያዙ ነው። መልካም ጠመንጃ ያለው ሰው ወልውሎ ካላኖረው፥ መልካም መጽሐፍም ያለው ሰው ማኅደር ካላበጀለት፥ ብዙ ዓመት ሳይቈይ ጠመንጃው የዝገት፥ መጽሐፉም የብል መብል ሆኖ ይገኛል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገርለት ነገር ከጠመንጃና ከመጽሐፍ እጅግ ያነሰ፥ በሁለት ጣት ጫፍ የሚያዝ ነው፤ ይኸውም በወንዝ ዳር ዓሣ በማጥመድ የሚደሰቱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ከላባ የተሠራ ዝንብ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፥ እኛ ራሳችን በአያያዝ ጉድለት ሁለተኛ የማይገኝ ነገር ስላጠፋን፥ ሌላው ሰው ከጥፋታችን ይማር ዘንድ ይህን ጽፈናል።

ይህን የማጥመድ ዐይነት ላላዩ አንባቢዎቻችን አስቀድመን ነገሩን እንግለጽ። በሐይቆቻችን ዳር የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ በመረብ ይይዛል፤ በመንጠቆ የሚያጠምደውም ሰው በመንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ ይሰካበታል። በላባ ዝንብ የሚያጠምደው ሰው ግን የሚበላ ነገር ከቶ አይሰካም። በአንዲት ትንሽ መንጠቆ ላይ ቀጭን ክር እየጠመጠመ፥ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ፥ የጥንቸል ጠጉር፥ አንዳንድ ጊዜም ወርቅ የሚመስል ቀጭን ሽቦ እያሰረ፥ በውሃ ላይ የሚያርፈውን ዝንብ ወይም ክንፍ ሳያወጣ በውሃ ውስጥ የሚኖረውን ትሉን የሚመስል ነገር ይሠራል። ዓሣውም እውነተኛ መስሎት ይጐርሰዋል።

በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ትራውት የሚባለው፥ ቀዝቃዛና ጥሩ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በአገራችን የተፈጥሮ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በወይብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ፤ ከዚያም ወዲህ በዚያው እየተዋለደ ይኖራል። ወይብ ማለት ዝቅ ብሎ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ነው። የተራራው ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ስለ ሆነች፥ ብርዱና ነፋሱ፥ ድንገተኛው ዝናብም በወንዝ ዳር የቆመውን ሰው ይፈትነዋል። የዝንብ አያያዝ ነገርም የሚታወቀው እጅ በብርድ ሲደነዝዝና ነፋስ ሲነሣ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ያስተማሩን አንድ አውሮፓዊ ሽማግሌ በዕረፍታቸው ወራት ወደ ባሌ እየሄዱ በዚህ ጥበብ ያጠምዱ ነበር። ዝንቦቹንም የሚሠሩት በገዛ እጃቸው ነበረ። ከግቢያቸው አውራ ዶሮ የረገፈውን ላባ እየለቀሙ፥ ማታ በመብራት አጠገብ መነጽራቸውን አድርገው ሲጠመጥሙ ስናያቸው፥ የድጓ ምልክት የሚጽፍ ጸሓፊ ይመስሉን ነበር። ዕድሜያቸው ገፍቶ ወደ አገራቸው ሲመለሱ 24 ዝንቦች ያሉበት አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ሰጡንና፥ «ልጄ፥ ዐይኔ ስለ ደከመ ከእንግዲህ ወዲህ አልሠራም፤ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። አደራህን፥ አድርቀህ ክተታቸው» አሉን። እኛም አደራውን በጆሮአችን ሰማነው እንጂ በልባችን አላኖርነውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዲንሾ አጠገብ ስናጠምድ ውለን ወደ ማታ ዝናብ ያዘን። በጥድፊያ የረጠቡትን ዝንቦች ከደረቁት ጋራ ቀላቅለን፥ ውስጡ በበግ ጠጉር ጨርቅ በተለበጠው ቦርሳ ጨምረን አጥብቀን አሰርን። አዲስ አበባ በደረስንም ጊዜ ቦርሳውን ሳንከፍት በልብስ ሣጥን ውስጥ አኖርነው፤ ክረምቱም በዚያው አለፈበት። በመስከረም ወር የመምህራችን የመሞታቸው ወሬ ደረሰን። እሳቸውን ለማሰብ ብለን ቦርሳውን ብንከፍተው፥ የአንዱ መንጠቆ ዝገት ወደ ሌላው አልፎ ጨርቁን የሸክላ መልክ አስመስሎታል፤ ዝገት ያልደረሰበትንም ላባ ብል በልቶት ክሩ ብቻ ቀርቷል። ከ24ቱ ደኅና ሆነው የተገኙት 3 ብቻ ነበሩ። ያጠፋነው የ21 መንጠቆ ዋጋ አይደለም፤ በሕይወት የሌለ ሰው የእጅ ሥራ ነው እንጂ፤ እሱንም የሚተካ ገበያ የለም።

ከዚህ በኋላ ተጸጽተን፥ ቀደምት ሰዎች ዝንባቸውን እንዴት ይይዙ እንደ ነበረ መመርመር ጀመርን። ጥበቡ ራሱ የቈየ ነው። በሮም መንግሥት ዘመን፥ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ የነበረው ኤልያኖስ የሚባል ጸሓፊ፥ በመቄዶንያ አገር ሰዎች መንጠቆን በቀይ የበግ ጠጉር ጠምጥመው፥ ሁለት የዶሮ ላባ አስረው ያጠምዱ እንደ ነበረ ጽፏል። የወንዙም ስፍራ በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል ነው ይላል፤ እነዚህንም ከተሞች ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን የሰበከባቸው ስለ ሆኑ አንባቢዎቻችን ከሐዋርያት ሥራ ያውቋቸዋል።

በእንግሊዝ አገር በ1496 በታተመው የማጥመድ ትምህርት ውስጥ 12 ዝንቦች ከነአሠራራቸው ተጽፈዋል፤ የተጻፉትም እንዲያው በዘፈቀደ ሳይሆን፥ ይህ ለመጋቢት፥ ይህ ለሚያዝያ፥ ይህም ለግንቦት እየተባለ በወራቱ ተለይተው ነው። በ1676 ቻርልስ ኮተን የሚባለው ሰው አይዛክ ዎልተን በ1653 ባሳተመው በታወቀው የማጥመድ መጽሐፍ ላይ ስለ ዝንብ ሲጨምር፥ እሱም ዝንቦቹን በየወሩ ለይቶ ነው የጻፈ። የእኛ አባቶች የዓመቱን ምንባብና ምስባክ ዕለት በዕለት ለይተው በግጻዌ እንዳኖሩት፥ እነዚያም ለትንሿ ዝንብ ሥርዓት አበጅተውላታል ማለት ነው። ምክንያቱም ዓሣ በመጋቢት የሚበላውን ዝንብ በነሐሴ አያገኘውምና ነው።

በዚያ ዘመን መንጠቆ እንደ ዛሬው ክር የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። ጠንካራ ክር ከመንጠቆው ጋራ አብሮ ይታሰር ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝንብ ረጅም ጅራት ነበረው፤ ክሩም እንዳይተሳሰር እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ፥ የብራና ቅጠልና የበግ ጠጉር ጨርቅ ያለበት የቆዳ ቦርሳ ተበጀለት። መምህራችን የሰጡን ቦርሳ የዚህ ዐይነት ነበረ። የተማሪ ቤት ልጅ ዳዊቱን በማኅደር አድርጎ በትከሻው እንደሚያንጠለጥል፥ ያም አጥማጅ ቦርሳውን በብብቱ ይይዝ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቀዳዳ ያለው መንጠቆ በተለመደ ጊዜ ግን ዝንቡ ያለ ክር ለብቻው የሚቀመጥ ሆነ፤ ሣጥንም ቦርሳን ተካው። በ1860 በዎልሶል ከተማ የተቋቋመው የሪቻርድ ዊትሊ ፋብሪካ በሠራቸው ቀላል የብረት ሣጥኖች ስመ ጥር ሆነ፤ በእነዚህም ሣጥኖች ውስጥ እያንዳንዷ ትንሽ ክፍል በሽቦ ኀይል ብድግ የሚል የራስዋ መስኮት የሚመስል ክዳን አላት። አንዱ ክፍል ሲከፈት ሌላው እንደ ተዘጋ ስለሚቈይ፥ ነፋስ የአንዱን ክፍል ቢወስድ የሌላውን አይወስድም።

ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን በአጭሩ ብንናገር፥ የላባ ዝንብ አራት ጠላቶች አሉት፤ እነርሱም እርጥበት፥ መጨፍለቅ፥ ብልና መደባለቅ ናቸው።

ከአራቱ ዋናው እርጥበት ነው። በውሃ ውስጥ የዋለ ዝንብ ደረቅ መስሎ ቢታይም፥ በክሩና በጠጉሩ ሥር ውሃ ይዟል። እንዲህ ያለው አንድ ዝንብ በተዘጋ ሣጥን ቢገባ ጐረቤቶቹን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ የተሠራበት ዝንብ ወደ ሣጥኑ በዚያው ቀን ከቶ አይመለስ። በልብስ ደረት ላይ አንድ መዳፍ የምታህል የበግ ለምድ ወይም የቡሽ ቁራጭ ሰፍቶ፥ የተሠራበትን ሁሉ እዚያ መሰካት ነው። ማታ ቤት ሲገቡ ዝንቦቹን ከለምዱ ነቅሎ በወረቀት ላይ ዘርግቶ ማሳደር፥ ሣጥኑንም ራሱን ከፍቶ ማሳደር ይገባል። ለምዱ እርጥበት ስለሚይዝ ለቀን ማድረቂያ እንጂ ለዓመት ማደሪያ አይሆንም፤ እኛን ያጠፋን ይህን አለማወቅ ነው። ከመድኃኒትና ከጫማ ጋራ በትንሽ ከረጢት የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥ ጠጠር ከመጣል ይልቅ በሣጥኑ ውስጥ ማኖርም ይረዳል፤ ነገር ግን የሚበላ ስላልሆነ ከሕፃናት መራቅ አለበት። ማድረቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ወንዝ የውሃ በሽታና ባዕድ አረም እንዳይተላለፍ ያግዛል።

ሁለተኛው መጨፍለቅ ነው። ዝንብ ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፥ አንዱ በውሃ ውስጥ የሚሰጥም። የሚንሳፈፈው የሚቆመው በአንገቱ ዙሪያ እንደ ጨረር በተዘረጋው የዶሮ ላባ ስለ ሆነ፥ ላባው ከተጨፈለቀ ይጋደማል፤ ዓሣም አይቶ ይተወዋል። ለዚህ ጥልቅ ክፍል ያለው ሣጥን ያስፈልጋል፤ በአንድም ክፍል ውስጥ ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ አለመጨመር ነው። የሚሰጥመው ግን ሰውነቱ የታመቀ ስለ ሆነ፥ በቡሽ ወይም በስፖንጅ ላይ በተርታ ተሰክቶ በስስ ሣጥን ሊያዝ ይችላል። ላባው የተጣመመ ዝንብም ወዲያው አይጣል፤ በወረንጦ ይዞ ከሚፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ጥቂት ሰኮንድ ቢያቆዩት ላባው ተመልሶ ይቃናል፤ ከዚያም አድርቆ መክተት ነው።

ሦስተኛው ብል ነው። ላባና ጠጉር የብል ምግብ መሆኑን ካባና በርኖስ ያለው ቤት ሁሉ ያውቃል። ብል ጨለማና ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ይወዳልና፥ ሣጥኑ በክረምትም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ ተከፍቶ ብርሃን ይየው። አዲስ ላባ ከገበያ ወይም ከዶሮ ቤት ሲመጣ ደግሞ፥ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ጥቂት ቀን በበረዶ ማቀዝቀዣ ሳይቀመጥ ከአሮጌው ጋራ አይቀላቀል።

አራተኛው መደባለቅ ነው፤ ይህንንም ያስተማሩን ባለቤታችን ናቸው። አንድ ቀን ዝንቦቻችንን ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ዘርግፈን አንዲት ዝንብ ስንፈልግ ግማሽ ሰዓት ስናጠፋ አይተው፥ «ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ በአንድ ዕቃ ቢደባለቅ ወጡን ማን ይሠራዋል? እርስዎ ይህን ሁሉ ለይተው ቢያኖሩ ኖሮ በጨለማም ያገኙት ነበር» አሉን። እውነትም ነው። የቅመም መደርደሪያቸውን ብናይ እያንዳንዱ በየዕቃው፥ ዘወትር የሚፈለገው በፊት፥ ለበዓል ብቻ የሚፈለገው በኋላ ተቀምጧል። እኛም ያንኑ ሥርዓት ወስደን ሁለት ሣጥን አበጀን፤ አንዱ ትልቅ የቤት ሣጥን፥ አንዱ ትንሽ የወንዝ ሣጥን ነው። ያለን ሁሉ በቤት ሣጥን ይኖራል፤ ወደ ወንዝ የሚወርደው ግን ለዚያ ቀን የተመረጠው ብቻ ነው።

አመራረጡም እንዲህ ነው። የመንጠቆ መጠን በቍጥር ይነገራል፤ ቍጥሩ እየበዛ ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፤ 16 ቍጥር ከ12 ቍጥር ታንሳለች ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሲገዛ ይሳሳታል። ለአንድ ቀን ስድስት ዐይነት ዝንብ፥ እያንዳንዱ በሁለት መጠን፥ ከየመጠኑም ሦስት ሦስት ቢያዝ ድምሩ 36 ይሆናል፤ ይህም ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ሦስት የሚያዘው አንዱ በዓሣ፥ አንዱ በዛፍ ቅርንጫፍ ቢወሰድ አንዱ እንዲቀር ነው። የሚንሳፈፉት በግራ፥ የሚሰጥሙት በቀኝ፤ ታላላቆቹ ከላይ፥ ታናናሾቹ ከታች ይሁኑ። ቦታቸውንም ከዓመት እስከ ዓመት አለመለወጥ ነው፤ በብርድ የደነዘዘ እጅ የሚመራው በልማድ ነውና። እኛ ቀድሞ አራት ሣጥንና ሦስት መቶ የሚያህል ዝንብ ተሸክመን ስንወርድ፥ ዓሣው እየዘለለ ሳለ የትኛው ይሻላል በማለት ጊዜያችንን እንጨርስ ነበር። ትንሽ ከያዝን ወዲህ ግን ዐይናችን ከሣጥኑ ይልቅ ውሃውን ያያል።

የሚያስፈልገው ዝንብ ባይገኝስ የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልሱ ውሃውን አይቶ ለሚመጣው ጊዜ ማሰናዳት ነው። በ1854 ዊልያም ግሪንዌል የሚባል እንግሊዛዊ ካህን በትዊድ ወንዝ ሲያጠምድ ዓሣው የሚበላውን ዝንብ የሚመስል ስላላገኘ፥ ያንኑ ዝንብ ይዞ ወደ ጄምስ ራይት፥ ወደ ዝንብ ሠሪው፥ ወሰደለት፤ እሱም አስመስሎ ሠራለት። ያ ዝንብ እስከ ዛሬ በካህኑ ስም ይጠራል። ካህኑን የጠቀመው የሣጥን ብዛት ሳይሆን አስተውሎ ማየቱ ነው።

ትንሿን ሣጥን በደረት ኪስ አድርጎ፥ ኪሱንም ቈልፎ፥ ሣጥኑን በቀጭን ገመድ ከልብስ ጋራ ማሰር ይገባል። ሣጥኑ ሲከፈት ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ፥ ከውሃው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፥ ቢቻል ተቀምጦ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በወንዝ ውስጥ የፈሰሰ ዝንብ ግን ተለቅሞም አይገኝ።

ስለ ቤት ጥንቃቄም አንድ ነገር እንጨምር። መንጠቆ መንጠቆ ነው። ባርኔጣ ላይ ዝንብ ሰክቶ መግባት ለዐይን ያማረ ቢመስልም፥ ባርኔጣውን ሕፃን ሊያነሣው ይችላል። ልብስ ለአጣቢ ከመሰጠቱ በፊት ኪሱና ደረቱ ይመርመር። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የሚመልስ እሾህ በጉጠት ጨፍልቆ መያዝ ደግሞ፥ በሰው ጣት ቢገባ በቀላሉ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ዓሣውንም መልሶ ለሚለቅ ሰው ሥራውን ያቀልለታል። የቤቱም ሣጥን ቁልፍ ያለው፥ ከልጆች እጅ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን።

ከመምህራችን የቀሩት 3 ዝንቦች ዛሬ በትንሽ ሣጥን ለብቻቸው ተቀምጠዋል። በእነርሱ አናጠምድባቸውም። ነገር ግን እንደ ቅርስ ዘግተን አልተውናቸውም፤ ዝንብ መሥራት የጀመረችው ልጃችን አንዱን በፊቷ አኑራ፥ ላባው ስንት ዙር እንደ ተጠመጠመ እየቈጠረች ትማርበታለች። ባለፈው ጥቅምት የመጀመሪያ ሥራዋን ይዘን ወደ ዲንሾ ሄደን፥ የፓርኩን ፈቃድ ተቀብለን አጠመድንበት፤ አንድ ትራውትም ያዘልን፤ እሱንም ወደ ውሃው መለስነው። ማታ ወደ ማረፊያችን ስንገባ ዝንቡን ወደ ሣጥኑ ልንከት ስንል ልጃችን እጃችንን ይዛ፥ «አባባ፥ ገና አልደረቀም» አለችን።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ላባ ዝንብ ያላችሁ ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ክፈቱና እዩ። የሌላችሁም ብትሆኑ፥ ከወዳጅ እጅ የተቀበላችሁት፥ ተዘግቶ የተቀመጠ አንድ ዕቃ በቤታችሁ አይጠፋምና፥ ክረምት ሳያልፍበት አውጥታችሁ ፀሐይ አሳዩት።